ላይሲን፣ የወሎ ማሽላና የባክቴሪያ ጋን

የልደታው አሮጌ የአውሮፕላን ሜዳ የጄቶችን ክብደትና ፍጥነት ሊቋቋም እንደማይችል በታወቀ ጊዜ፣ ከከተማይቱ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በቦሌ ሜዳ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተሠርቶ፣ በ1963 መባቻ ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ፣ የምጠቅሳቸው ሊቃውንት እንደ ጻፏቸው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አኖራለሁ) የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ቦይንግ 720 አውሮፕላኖች ወደ ናይሮቢ አሰማርቷል። የዚህ ጣቢያ ታሪክ በተነገረ ቁጥር የሚወሳው ስለ መጡትና ስለ ሄዱት ነገሥታት፣ መሪዎችና መልእክተኞች ነው፤ በጭነቱ በር ስለሚገባውና ስለሚወጣው ግን እምብዛም አይነገርም። በዚያ በር ዕድሜያቸው ከአንድ ቀን ያልበለጠ፣ ለርቢ የሚሆኑ የወላጅ ዘር ጫጩቶች በሣጥን ሆነው ከባሕር ማዶ ይገባሉ፤ በዚያው በር እንጀራ ከአዲስ አበባ ምጣድ ወጥቶ ወደ ዋሽንግተንና ወደ ሌሎች ከተሞች፣ በስደት ወደሚኖሩ ወገኖቻችን ማዕድ ይጓዛል። ሁለቱ ጭነቶች ምንም የሚያገናኛቸው ነገር ያለ ባይመስልም፣ የጫጩቱን ዕድገትም ሆነ የእንጀራውን ምግብነት የሚወስን አንድ ረቂቅ ንጥረ ነገር አለ፤ ስሙም ላይሲን ይባላል። ይህን ንጥረ ነገር ፍለጋ የሰው ልጅ የሄደበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንደኛው በዘር፣ ሁለተኛው በባክቴሪያ፤ በሁለቱም መንገዶች ላይ የኢትዮጵያ ድርሻ ምን እንደ ነበረ መመርመር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ሊቃውንተ ሥነ ሕይወት እንደሚያስተምሩት፣ የሥጋችን መሠረት የሆነው ፕሮቲን 20 ከሚሆኑ አሚኖ አሲዶች የተገነባ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 9ኙን የሰው አካል ራሱ ሊሠራቸው ስለማይችል ከምግብ ሊያገኛቸው ግድ ይሆንበታል። ላይሲን ከእነዚህ አንዱ ነው፤ በስንዴ፣ በበቆሎ፣ በማሽላና በገብስ ውስጥ ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ የሚጎድለው እርሱ ነው፤ እርሱም ከጎደለ የቀሩት ቢበዙም አካል በሚገባ ሊሠራባቸው አይችልም። በሽምብራ፣ በባቄላ፣ በአተርና በምስር ግን በብዛት ይገኛል። ስለዚህ ከዓመቱ ግማሽ የሚጠጋውን በጾም የሚያሳልፉት አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ በዐቢይ ጾምም ሆነ በጾመ ነቢያት፣ በሐዋርያትም ሆነ በፍልሰታ፣ ሥጋና ወተት ከገበታቸው በራቀበት ወራት ሁሉ እንጀራውን ከሽሮና ከክክ ወጥ ጋር አጣምረው ማቅረባቸው፣ የንጥረ ነገሩን ስም ሳያውቁ ጉድለቱን የሞሉበት ታላቅ ጥበብ ነበር። በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የሕፃናት አመጋገብ ጥናት ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቁሞ፣ በኋላም ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ ሲሰናዳ፣ ባለሙያዎቹ የተከተሉት ይህንኑ ሥርዓት ነው፤ እህሉን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር አዋሕደው አንዱ የጎደለውን ሌላው እንዲሞላለት አደረጉ።

እንጀራው ራሱ ደግሞ የሌላ ጥበብ ልጅ ነው። ከቦካው ሊጥ ላይ የሚጠልለው ቢጫ ውሃ፣ እርሾው፣ ለሚቀጥለው ቡኮ እየተቀመጠ ከሳምንት ወደ ሳምንት፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ እርሾዋ የተበላሸባት ባልቴት ከጎረቤቶቿ ሁሉ እንጀራዋ ዓይኑ ካማረላት ዘንድ ጥቂት ታስቀዳለች እንጂ ካገኘችው ቤት አትወስድም። ይህን ልማድ አቅልሎ የሚያይ ሰው ቢኖር፣ ዛሬ በታላላቅ ፋብሪካዎች ባክቴሪያ የሚጠብቁ ሊቃውንት ከሚሠሩት ሥራ የመጀመሪያው ይኸው መሆኑን ልብ ሊለው ይገባል፤ መልካም ፍሬ ያፈራውን ለይቶ ማቆየት፣ ያልሆነውን መጣል፣ ያቆዩትንም ሳያስረጁ ማራባት። ስቱዋርትና አስናቀ ጌታቸው በ1962 ስለ እንጀራ ጠባይ ባሳተሙት ጥናት በእርሾው ውስጥ የሚኖረውን የእርሾ ፈንገስ መርምረው አሳወቁ፤ ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ ደግሞ በ1985 በጤፍ ሊጥ ውስጥ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች እንዴት እየተተካኩ ሊጡን እንደሚያኮመጥጡት ገለጠ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኮጮ፣ ስለ ጠላና ስለ ጠጅ የተጻፈው ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ እውነት መነገር አለበት፤ የእርሾው ደቂቅ ፍጥረታት ሊጡን ያቦኩታል፣ ያጣፍጡታል፣ በእህሉ ውስጥ ታስሮ የነበረውን ብረትም ለአካል ያቀርቡታል፤ ላይሲንን ግን ለራሳቸው ከሚያስፈልጋቸው በላይ አትርፈው አይሠሩትም። ለምን እንደማይሠሩት ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ አስቀድሞ ስለ ዘሩ መንገድ መናገር ይቀድማል።

በወሎ ማሽላ አብቃይ አገር ገበሬዎች ከዋናው ማሽላቸው መካከል ጥቂት ጥቂት እየዘሩ ያቆዩት፣ ፍሬው ሲደርቅ የሚጨማደድ፣ ምርቱም ከሌላው የሚያንስ ማሽላ ነበር። ምርትን ብቻ የሚመለከት ሰው ይህን ዘር ከማሳው ለመንቀል አይዘገይም፤ ገበሬዎቹ ግን ትውልድ ከትውልድ ጠበቁት፤ ምክንያቱም ገና እሸት ሳለ ተጠብሶ ሲበላ ጣዕሙ ከማናቸውም ማሽላ የተለየ ነበር። ስሙንም ወተት በጉንጬ አሉት፤ ወንድሙንም ማር ጩቄ። በአሜሪካ አገር በኢንዲያና የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል፣ ከዓለም ሁሉ የተሰበሰበውን 9,000 ያህል የማሽላ ዝርያ አንድ በአንድ መርምረው በ1973 ውጤታቸውን ሲያትሙ፣ ከዚያ ሁሉ ብዛት በላይሲን ሀብታቸው ተለይተው የወጡት ሁለት ብቻ ሆኑ፤ ሁለቱም የኢትዮጵያ ልጆች ነበሩ። በተራ ማሽላ ከ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ የሚገኘው ላይሲን 2 ግራም ያህል ሲሆን በእነዚህ ከ3 ግራም ያልፍ ነበር፤ የፕሮቲናቸውም መጠን ከተራው የላቀ ነበር። በቁጥር ስም በመዝገብ ገብተው በባዕድ ጎተራ የተቀመጡት ዘሮች በወሎ ገበሬ ዘንድ ከጥንት የታወቁና በስም የተጠሩ መሆናቸውን፣ በዘመኑ የኢትዮጵያን የማሽላ ማሻሻያ ሥራ የሚመራው ብርሃነ ገብረ ኪዳንና ባልደረቦቹ ወደ ማሳው ወርደው አረጋገጡ። በኋላ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበለው ገቢሳ እጀታም ከዚሁ ከአክስቴል ዘንድ ተምሮ የወጣ ሰው ነው።

ይህ ታሪክ በእኔ ዘንድ ከፍ ያለ ቦታ አለው። የፐርዱው መምህር በቤተ ሙከራ ያገኘውን የወሎ ገበሬ በምላሱ አግኝቶታል፤ ከዚህም የሚበልጠው፣ ገበሬው ያገኘውን ነገር በምርቱ ማነስ እየተጎዳ ጭምር ጠብቆ ለልጅ ልጅ ማስተላለፉ ነው። ይህን የመሰለ ዘር ጠባቂነት በመንግሥት ደረጃ መልክ የያዘው በ1976 በጀርመን መንግሥት ርዳታ የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል ሲቋቋም ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ተብሎ በምሥራቅ አዲስ አበባ በየካ የሚገኘው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ማዕከሉን ለብዙ ዘመን የመሩት መላኩ ወረደ፣ ዘሩ በጎተራ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ ጭምር መጠበቅ አለበት ብለው በመሟገታቸውና በመሥራታቸው በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ማሽላው ብቻውን አልነበረም። ከኢትዮጵያ ወጥቶ በዓለም የገብስ መዝገብ የገባ አንድ ገብስ፣ በስዊድን አገር በስቫሎፍ የሚሠሩት ሙንክ፣ ካርልሰንና ሃግበርግ ባወጡለት ሂፕሮሊ በተባለ ስም በ1970 የላይሲን ባለጸጋ ሆኖ ታወቀ። በበቆሎ በኩልም ሜርትዝ፣ ቤትስና ኔልሰን በፐርዱ በ1964 ያስታወቁት አንድ የዘረ መል ለውጥ ላይሲንን ከፍ እንደሚያደርግ ታይቶ ነበር። ነገር ግን ሦስቱም በአንድ ፈተና ወደቁ፤ ፍሬያቸው የለሰለሰ ወይም የተጨማደደ፣ ምርታቸውም ያነሰ በመሆኑ ገበሬ በሰፊው ሊዘራቸው አልወደደም። በበቆሎው ላይ ሱሪንደር ቫሳልና ኤቫንጄሊና ቪሌጋስ በሜክሲኮ ብዙ ዓመት ደክመው ፍሬውን አጠነከሩትና በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው፤ በኢትዮጵያም ቢ ኤች ኪው ፒ 542 የተባለው ባለ ብዙ ላይሲን ድቅል በቆሎ በ2001 ለገበሬ ተለቀቀ። ከ2012 ጀምሮ በካናዳ መንግሥት ርዳታ ይህንኑ በቆሎ ለማስፋፋት የተካሄደው ሥራ የተመራው በ1974 ለአፍሪካ የእንስሳት ርቢ ጥናት ተብሎ በተመሠረተው፣ ከቦሌ ማረፊያ ብዙም በማይርቀው በጉርድ ሾላው የምርምር ግቢ ውስጥ ጽሕፈት ቤት ባለው የዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ነው። ዘር ግን ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ አንድ ዝርያ ለመፈልፈል ከዐሥር ዓመት በላይ ይጠይቃል፤ ዓለም ደግሞ ያን ያህል የሚታገሥ አልነበረም።

ሁለተኛው መንገድ የተጀመረው በጃፓን ነው። የቶኪዮው መምህር ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 ከባሕር ሣር በሚቀቀለው የአገሩ ሾርባ ውስጥ ያለውን ጣዕም መርምሮ ግሉታሚክ አሲድ መሆኑን ለየ፤ እርሱም እንደ ወሎው ገበሬ የተነሣው ከምላሱ መሆኑ ያስደንቀኛል። ከዓመት በኋላ አጂኖሞቶ በሚል ስም ለገበያ የቀረበው ይህ ንጥረ ነገር ለብዙ ዘመን ይወጣ የነበረው የስንዴን ፕሮቲን በብርቱ አሲድ በመፍታት ነበር፤ ሥራው አድካሚ፣ ዋጋውም ውድ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የጃፓን ሕዝብ በፕሮቲን እጥረት በተቸገረበት ዘመን፣ የክዮዋ ሃኮ ኩባንያ ባልደረባ ሹኩኦ ኪኖሺታ፣ አሚኖ አሲድን ከፕሮቲን ፈትቶ ከማውጣት ይልቅ ከስኳር ሠርቶ ወደ ውጭ የሚያፈስ ደቂቅ ፍጥረት በአፈር ውስጥ ሳይኖር አይቀርም ብሎ ፍለጋ ገባ። ሐሳቡን ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር፤ ሕያው ነገር ለራሱ የሚያስፈልገውን ሀብት ወደ ውጭ ይጥላል ብሎ ማን ያምናል? እርሱ ግን በ1950ዎቹ አጋማሽ ዛሬ ኮርኒባክቴሪየም ግሉታሚከም የሚባለውን ባክቴሪያ አገኘ፤ ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን ሲያንስበት የሕዋሱ ቅጥር ይላላና ግሉታሚክ አሲዱን ወደ ውጭ ያፈሰዋል።

ላይሲን ግን እንዲሁ በቀላል አልተገኘም። ባክቴሪያው ላይሲን የሚሠራበት መንገድ መግቢያ ላይ አስፓርቶካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም አለ፤ ላይሲንና ሌላው አሚኖ አሲድ ትሪዮኒን በበቂ መጠን ሲከማቹ፣ ጎተራው እንደ ሞላለት ገበሬ፣ ይህ ኢንዛይም ሥራውን ያቆማል። የእርሾው ባክቴሪያም አትርፎ የማይሠራው በዚሁ በመሰለ ሥርዓት ስለ ተገዛ ነው። ኪኖሺታና ጓደኞቹ በ1958 ያደረጉት፣ ባክቴሪያውን በጨረር መትተው፣ ትሪዮኒንን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሆሞሴሪንን መሥራት የተሳነውን መምረጥ ነበር፤ ትሪዮኒን ከሌለ ከልካዩ አይሟላም፤ ኢንዛይሙም ሳያቋርጥ ይሠራል፤ ላይሲኑ ሞልቶ ይፈስሳል። በ1970 ሳኖና ሺኢኦ ደግሞ ላይሲንን የሚመስል መርዝ በምግቡ ላይ አኑረው፣ መርዙን ተቋቁሞ የቀረውን ለቀሙ፤ የቀረውም ኢንዛይሙ ከክልከላው ነጻ የወጣው ሆነ። በዚህ ዘመን የነበረው ሥራ ሁሉ መምታትና መምረጥ ነበር፤ የትኛው ዘረ መል እንደ ተለወጠ ግን ማንም ለይቶ አያውቅም ነበር፤ በየጊዜው በተደጋገመው ጨረርም ባክቴሪያው ከመልካሙ ለውጥ ጋር ብዙ ደዌ ተሸክሞ ደካማ ይሆን ነበር።

ዘረ መልን በእጅ መርጦ የመለወጥ ዘመን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሞስኮ የጄኔቲካ ተቋም ደባቦቭና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ መጨረሻ የትሪዮኒንን ዘረ መሎች በኢ ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ በብዛት በማባዛት ትሪዮኒን አምራች አደረጉት፤ በ1996 በጀርመን አገር በዩሊኽ፣ ላይሲንን ከሕዋሱ ወደ ውጭ የሚያወጣው በር በየትኛው ዘረ መል እንደሚሠራ ታወቀ። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ግን የክዮዋ ሊቃውንት በ2002 ያሳተሙት ሥራ ነው፤ በብዙ ዓመታት ጨረር የተጎሳቈለውን አሮጌውን አምራች ባክቴሪያ ዘረ መል ከጤነኛው ጋር አስተያይተው፣ ከብዙው ለውጥ መካከል ለላይሲን የሚጠቅሙትን 3ቱን ብቻ ለይተው ጤነኛ በሆነው ባክቴሪያ ውስጥ ተከሉት፤ በ27 ሰዓትም ከአንድ ሊትር 80 ግራም ላይሲን ተገኘ። በ2003 የባክቴሪያው ሙሉ የዘረ መል መዝገብ፣ 3.3 ሚሊዮን የሚጠጋ ፊደል፣ ለሁሉ ተገለጠ፤ በ2011 ደግሞ በጀርመን በብራውንሽቫይግ ቤከር፣ ቪትማንና ባልደረቦቻቸው 12 ለውጦችን በሐሳብ ነድፈው በመተግበር ውጤቱን በሊትር ወደ 120 ግራም አደረሱት። ዛሬ የዓለም የላይሲን ምርት በዓመት ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው፤ አብዛኛውም የሚገባው በዶሮና በአሳማ መኖ ውስጥ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ሐዘንም ደርሷል፤ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሊዘለው አይገባም። በ1989 የጃፓኑ ሾዋ ዴንኮ ዘረ መሉ በተለወጠ ባክቴሪያ የሠራው ትሪፕቶፋን የተባለው አሚኖ አሲድ በአሜሪካ እንደ ተጨማሪ ምግብ ሲሸጥ፣ ከ1,500 በላይ ሰዎች በጽኑ ደዌ ተያዙ፤ ከ30 በላይ የሚሆኑትም ሞቱ። ኩባንያው በዚያው ወራት ባክቴሪያውንም ለውጦ፣ የማጥሪያውንም ሥርዓት ቀንሶ ስለ ነበር፣ ጥፋቱ የባክቴሪያው ነው ወይስ የማጥሪያው በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ብዙ ተከራከሩ። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ከባክቴሪያው ጋን የወጣው ነገር ንጽሕናው በእያንዳንዱ ጊዜ መመርመር እንዳለበት ነው። ስለ ጥንቃቄ ሲነሣ የኢትዮጵያ ስም በክብር ይጠራል፤ ጥር 2000 በሞንትሪያል የጸደቀው የካርታሄና የደኅንነተ ሕይወት ስምምነት ሲዘጋጅ፣ በድርድሩ የአፍሪካን ድምፅ ያሰሙት ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። ስምምነቱ በአካባቢና በማሳ ላይ የሚለቀቀውን ሕያው ፍጥረት በተዘጋ ስፍራ ከሚሠራበት ለይቶ ይመለከተዋል፤ ባክቴሪያው ከብረት ጋን የማይወጣበት የላይሲን ሥራ ከሁለተኛው ወገን ነው። በአገራችንም በ2009 የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 ወጥቶ፣ በ2015 ምርምርን በሚያግዝ መልኩ ተሻሽሏል።

እንግዲህ ወደ ቦሌው የጭነት በር ስንመለስ የምናየው ይህ ነው፤ ወላጅ ጫጩቶቹ በሰማይ ይመጣሉ፣ ከእነርሱ የሚፈለፈሉት ዶሮዎች የሚበሉት መኖ በቢሾፍቱና በሌሎች ስፍራዎች ከአገር በቆሎና አኩሪ አተር ይፈጫል፣ በመኖው ላይ የሚነሰነሰው ላይሲን ግን በከረጢት ሆኖ ከባሕር ማዶ፣ ከሁሉ ይልቅ ከቻይና፣ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ላይሲን የሞላበትን ማሽላና ገብስ ለዓለም የሰጠች አገር ላይሲንን ከዓለም ገዝታ ዶሮዋን መመገቧ ያሳዝነኛል። ጥሬ ዕቃው አልጠፋንም፤ ባክቴሪያው በአንዳንድ አገር የሚመገበው ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈውን ሞላሰስ ነው፤ የፊንጫና የመተሐራ ፋብሪካዎችም ከሞላሰሳቸው ኤታኖል በማውጣት የማብላላትን ሥራ በታላቅ መጠን ማካሄድ እንደሚቻል ካሳዩ ቆይተዋል። ላይሲን ከኤታኖል ይልቅ ጥብቅ ንጽሕና፣ ብዙ አየርና የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ይህም ከባድ ወጪ ነው፤ የዓለም ዋጋውም ርካሽ ስለሆነ ነገ ተነሥቶ ፋብሪካ መትከል ጥበብ አይመስለኝም።

አስቀድሞ ሊሠራ የሚገባው ሌላ ነው። የየካው ኢንስቲትዩት ከዕፅዋት ዘር ሌላ የደቂቅ ፍጥረታት ስብስብም አለው፤ በየዩኒቨርሲቲው የእርሾንና የኮጮን ባክቴሪያ የሚለዩ መምህራንና ደቀ መዛሙርት አሉ። ብርሃነ ገብረ ኪዳንና ባልደረቦቹ ወደ ወሎ ማሳ የወረዱበት ትጋት ወደ ቤቶቻችን ጓዳ ይግባ፤ ከመንዝም፣ ከጎጃምም፣ ከጉራጌም፣ ከሐረርጌም እርሾው ከባለቤቷ ስምና ከአያያዝዋ ጋር ይሰብሰብ፤ እንጀራዋ ዓይኑ ያማረላት ባልቴት እርሾዋን እንዴት እንደምታቆይ ይጠየቅ፣ ይጻፍ። ኪኖሺታ ያን ባክቴሪያ ያገኘው ብዙ የአፈር ናሙና አንድ በአንድ እየመረመረ ነው፤ የእኛ ናሙና በየማቡኪያው አለ፤ ከአንድ ትውልድ በኋላ ግን፣ ከከተማ ቤቶች እንጀራ የሚገዛው እየበዛ ከቤቱ የሚጋገረው ሲያንስ፣ አብዛኛው ሳይመረመር ሊጠፋ ይችላል።